ከጫረ እስከ ዳፈነ፦ የእሳትና የፍንዳታ ቃላት አጠቃቀም መመሪያ

ይህ መመሪያ ዜና ለሚጽፉ፣ ፊልምና መጽሐፍ ለሚተረጉሙ፣ የሰው ጽሑፍ ለሚያርሙ የተዘጋጀ ነው። በእሳት ቃላት ላይ የሚታየው ስሕተት አብዛኛው የደረጃ ስሕተት ነው፤ ገና የተጫረውን «ተቀጣጠለ»፣ የተዳፈነውን «ጠፋ»፣ ጥቂት የተለበለበውን «ወደመ» ማለት። አማርኛ ለእሳት ከልደት እስከ ሞት ቃል አበጅቶለታል። በዘይቤ ሲነገርም ያው ዕድሜ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛውን እሳት በደረጃው መጻፍ ይልመዱ፤ ዘይቤው ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግርም።

1. ቃጠሎ፣ ፍንዳታ ወይስ ተኩስ? መጀመሪያ ይህን ይለዩ

ቃጠሎ ጊዜ ይፈጃል፤ «አራት ሰዓት የቆየ ቃጠሎ» ይባላል። ፍንዳታ ቅጽበት ነው። «ሁለት ሰዓት የቆየ ፍንዳታ» የሚል ሐረግ ካዩ ጸሐፊው ወይ ተከታታይ ፍንዳታዎችን ወይ ቃጠሎን ማለቱ ነውና ይጠይቁት።

ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ የዜናው ልብ ቅደም ተከተሉ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 በቤይሩት ወደብ መጀመሪያ መጋዘን ውስጥ እሳት ተነሣ፤ እሳቱ እዚያው ለዓመታት ተከማችቶ ወደነበረው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ደረሰ፤ ከዚያ ነው ከተማዋን ያናወጠው ፍንዳታ የመጣው። ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን ብዙ ስለሆኑ ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነበር። «ፍንዳታው ያስነሣው ቃጠሎ» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ መንስኤና ውጤቱን ገለባብጧል።

የማብሰያ ጋዝ አደጋ ላይ ደግሞ «ሲሊንደር ፈነዳ» የሚለው ሐረግ ለእጅ ስለሚቀርብ ሳይጣራ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ጋዝ ከጎማው ወይም ከመዝጊያው ያፈተልካል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን የክብሪት ወይም የመብራት ማብሪያ ብልጭታ ይበቃዋል። በርና መስኮት ይገነጠላል፤ ሲሊንደሩ ግን ጥግ ላይ እንደቆመ ሊገኝ ይችላል። ይህን «ያፈተለከ ጋዝ ፈነዳ» ብለው ይጻፉ። «ሲሊንደሩ ፈነዳ» የሚባለው ብረቱ ራሱ ሲቀደድ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ጥፋቱን ወደ ሲሊንደር ሻጩ፣ ሌላው ወደ ቱቦውና ወደ አጠቃቀሙ ይወስደዋል።

ጎማ፣ ፊኛ፣ የውሃ ቧንቧም ይፈነዳሉ፤ እሳት ግን የለባቸውም፣ የፈነዱት በግፊት ነው። በዜናው ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ላይ ምን እንደፈነዳ ካልተጻፈ አንባቢ ቦምብ ያስባል።

እሳተ ገሞራ የራሱ ጣጣ አለው። ኅዳር 14 ቀን 2018 በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከየመንና ከኦማን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደርሷል። እዚህ ላይ «አመድ» የተቃጠለ ነገር ትራፊ እንዳይመስልዎ፤ የደቀቀ አለት ነው። ስለዚህ «የእሳተ ገሞራ አመድ» ብለው ሙሉውን ይጻፉ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ እዚያው አፋር ውስጥ በዶፈን ተራራ አካባቢ ከመሬት ስንጥቅ እንፋሎትና አቧራ በኃይል ሲወጣ ወዲያው «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተባለ። ቀልጦ የወጣ አለት አልነበረም። እንፋሎት «ወጣ» ወይም «ተነነ» ቢባል ይበቃው ነበር፤ «ፈነዳ» ሕዝብ ያስደነግጣል።

ተኩስ የሚባለው የጦር መሣሪያ ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል እሳትንም፣ ተኩስንም፣ ከሥራ ማባረርንም ይሸከማል፤ የትርጉም ማሽኖች የሚያዋርዱንም እዚህ ላይ ነው። «እሳት አቁም» የሚባል ስምምነት የለም፣ «ተኩስ አቁም» እንጂ። ከሥራ የተባረረ ሰውም አልተቃጠለም።

2. እሳቱ የደረሰበትን ደረጃ ይምረጡ

ማንኛዋም ከሰል የምታያይዝ ሴት ይህን ቅደም ተከተል ሳታስበው ትናገረዋለች። ክብሪት ይጫራል። ጧፍ፣ ሻማ፣ ችቦ ይለኮሳል። እንጨትና ከሰል ይያያዛል፤ ማለትም የተለኮሰው ጭራሮ እሳቱን ለዋናው ማገዶ አስተላልፏል። «ነደደ» ሲባል ነበልባል ይታያል። «ተቀጣጠለ» ሲባል ካንዱ ወደ ሌላው እየተዛመተ ነው። «ተፋፋመ» እና «ጋመ» ከነበልባሉ በኋላ የሚመጣውን የፍም ግለት ይናገራሉ። ከዚያ ኃይሉ እየደከመ ሲሄድ «ከሰመ»። ፍሙን አመድ አልብሰው ለነገ ሲያሳድሩት «ተዳፈነ»፤ አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ረመጡ እጅ ይፈጃል።

ከእነዚህ አንዱን ያለቦታው ማስገባት ወዲያው ያስታውቃል። መስከረም 16 ደመራ ይለኮሳል፤ «ደመራው ተቃጠለ» ከተባለ ሰዓቱ ሳይደርስ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስላል፣ «ተቃጠለ» ጥፋት አለበትና። ሻማም «አነደድሁ» ሲባል ጆሮ አይቀበለውም።

«ሰደድ እሳት» የሚባለው ሣርና ደን ላይ እየተሳበ የሚሄደው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጓሳ ሣሩንና የአስታ ዛፉን የበላው፣ ለማጥፋትም ከእስራኤል ባለሙያዎች የመጡለት እሳት ሰደድ ነበር። ከሱቅ ወደ ሱቅ የተሻገረ እሳት ግን «ተዛመተ» ይባላል እንጂ ሰደድ አይሆንም።

ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያምታቱ ስሞችም አሉ። ነበልባል ይታያል፣ ወላፈን ከርቀት ፊት ይገርፋል፤ «የወላፈኑ ብርሃን» ስለዚህ አይሆንም። ብልጭታ ብርሃን ነው፣ ፍንጣሪ ግን ተወርውሮ የሚመታ ቁራጭ ነው። ሰው በቦምብ ፍንጣሪ ይቆስላል፤ በብልጭታ የቆሰለ ሰው ካጋጠመዎ ተርጓሚው ተሳስቷል።

ለፊልም ግርጌ ጽሑፍና ለልቦለድ የድምፅና የብርሃን ቃላቱ ከዋናው ግስ ይበልጥ ይሠራሉ። ነበልባል ድንገት ሲነሣ «ቦግ» ይላል፤ ብርሃን ብቻ ከሆነ «ብልጭ»። ሊጠፋ የተቃረበ ኩራዝ «ጭል ጭል» ይላል፣ ሲጠፋ «ድርግም»። ጥይት «ዷ» ይላል፤ ከሩቅ የሚሰማ ከባድ ነገር «ድም»። አንድ «ዷ» የሦስት መስመር ገለጻ ያስቀራል።

3. ጉዳቱን ይለኩ

ከቀላል ወደ ከባድ፦ ጸጉርና ቆዳ «ተለበለበ»፣ ወጥና ሽንኩርት «አረረ»፣ እንጨት «ከሰለ»፣ ዕቃና ቤት «ተቃጠለ»፣ ምንም ሳይተርፍ ሲሆን «ጋየ»፣ ከዚያም በላይ ለማለት «ዶግ አመድ ሆነ»። የመጨረሻው የንግግር ቃል ነው፤ ለምስክር ቃል እንጂ ለዘጋቢው ድምፅ አይሆንም። «ተቃጠለ» ብቻውን ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። አምፖልም ተቃጠለ ይባላል፣ ገበያም ተቃጠለ ይባላል። ስለዚህ «በከፊል» ወይም «ሙሉ በሙሉ» ያስከትሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከሆነ ደግሞ «ጋየ» ባንድ ቃል ይጨርሰዋል።

«በቁጥጥር ሥር ዋለ» እና «ጠፋ» ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ናቸው። የመጀመሪያው ከእንግዲህ አይዛመትም ማለት ነው፤ ውስጡ ግን ይነድዳል። በጨርቅ፣ በጥጥና በእንጨት ክምር ላይ በሁለቱ መካከል ብዙ ሰዓት ያልፋል።

«መነሻ» እና «መንስኤ»ም አይምታቱ። መነሻው የት እንደጀመረ ነው፤ ጎረቤት አይቶ ሊናገረው ይችላል። መንስኤው ለምን እንደጀመረ ነው፤ የሚናገረው መርማሪ ነው። «የኤሌክትሪክ ንክኪ» በእኛ ዜና ውስጥ ምርመራ ሳይጀመር የሚጻፍ መንስኤ ሆኗል።

ሌላው ወጥመድ «እሳት አደጋ» ነው። ሰው ሲያወራ መሥሪያ ቤቱንም በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ «እሳት አደጋ ጥሩ!» ይላል። እንግዲህ «እሳት አደጋ ደረሰ» ብለው ቢጽፉ ቤቱ ተቃጠለ ነው ወይስ አጥፊዎቹ መጡ? አደጋውን «የእሳት አደጋ ተከሰተ»፣ ሰዎቹን «የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ» ብለው ይለያዩአቸው።

አሁን አንድ ናሙና ዐረፍተ ነገር እንፍታ፦

«ትናንት ሌሊት በአንድ የእንጨት መሸጫ በደረሰ የእሳት ቃጠሎ አደጋ ፍንዳታ ሦስት ሱቆች ተቃጥለው የወደሙ ሲሆን እሳቱም በቁጥጥር ሥር ውሎ ጠፍቷል።»

አራት ስሞች ተደርድረው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሦስቱ ሱቆች እኩል ጠፉ ወይ? ፍንዳታው የቱ ጋ ነው? እሳቱስ መቼ ጠፋ? ዘጋቢው እነዚህን ጠይቆ ሲመለስ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦

«ትናንት ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ከአንድ የእንጨት መሸጫ የተነሣ እሳት ሁለት ሱቆችን አጋየ፤ የሦስተኛው ጣሪያ በከፊል ተቃጥሏል። እሳቱ ሲቀጣጠል መሸጫው ውስጥ የነበረ የቲነር በርሜል ፈንድቷል። እሳቱ በቁጥጥር ሥር የዋለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋው ሲነጋ ነው።»

ረዝሟል፤ ግን አንባቢ ደግሞ አይጠይቅም።

4. ለመሣሪያው የሚገባውን ግስ ይስጡ

የእጅ ቦምብ ይወረወራል፣ ከአውሮፕላን ሲሆን ይጣላል። ፈንጂ ይቀበራል ወይም ይጠመዳል፤ አደጋው ሲወገድ ይመክናል፣ ሥራውም «ፈንጂ ማምከን» ነው። ጥይትና መድፍ ይተኮሳል፣ ሚሳይል ይወነጨፋል፣ ርችትም እንደ ጥይት ይተኮሳል። ድማሚት በድንጋይ ማውጫና በመንገድ ሥራ ላይ የሚውለው ነው፤ የጦር ሜዳ ዜና ውስጥ ሲገባ ይጠርጥሩ። «ያልፈነዱ ተተኳሾች» የሚለው ሐረግ ከባድ ቢመስልም ለማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ትክክለኛው ነው፤ ለእረኛ ልጆች ሲጻፍ ግን «ወድቆ ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ» ይሻላል።

አንዱን ቃል በተለይ ይጠንቀቁለት፦ «ባረቀ»። መሣሪያ ሳይታሰብ ሲተኩስ «ባረቀ» ይባላል። «ተኮሰ» ሐሳብ አለበት፤ «ባረቀበት» የለበትም። ሰው የሞተበት ጉዳይ ላይ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ፍርድ መስጠት ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን «ከመሣሪያው በወጣ ጥይት» ብሎ መሃል ላይ መቆም ይቻላል።

5. ወደ ዘይቤው ሲሻገሩ ደረጃውን ይዘው ይሻገሩ

ግጭት ላይ ሲጽፉ የእሳት ቃል ሁሉ ተጠያቂነት ያከፋፍላል። ጠብ የጫረ ትንሿን ነገር የጀመረ ነው። ጦርነት የለኮሰ ዐውቆ ያስጀመረ ነው። ያቀጣጠለ በሌላ ቦታ እንዲያዝ ያደረገ ነው። ያራገበ ደግሞ እሳቱን አላመጣም፤ በነደደው ላይ ነፋስ ሰጠ። በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ያሰራጨን ሰው «ግጭት ለኮሰ» ማለት ሕዝብ ፊት ሌላ ክስ መመሥረት ነው፤ ያደረገው ማራገብ ከሆነ «አራገበ» ይበሉት።

«ተዳፈነ» ሲባል እሳቱ አለ። «ክሱ ተዳፈነ» ማለት ሸፋፈኑት ማለት ነው እንጂ ተዘጋ ማለት አይደለም። ጥያቄው መልስ አግኝቶ ካበቃ «ተዘጋ» ወይም «እልባት አገኘ» ይበሉ። ቀስ በቀስ አቅም ላጣ እንቅስቃሴ ደግሞ «ከሰመ» አለልዎት። ገና ሳይጀምር ስለመግታት ከሆነ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የሚተካ አላገኘንም።

«ፈነዳ» ያለዝግጅት የመጣን ነገር ይወዳል። የየካቲት 1966ቱ አብዮት «ፈነዳ» የተባለው ለዚህ ነው፤ መሪ ድርጅት አቅዶ ያስጀመረው አልነበረምና። ተጠንቶበት በተቀጠረ ቀን የተጀመረን ዘመቻ «ፈነዳ» አይበሉት። ይኸው ቃል ደግ ፊትም አለው፤ እንቡጥ ይፈነዳል፣ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ይፈነዳል። ለተደበቀ አደጋ «የተቀበረ ፈንጂ» የሚለው በደንብ ገብቶ የተለመደ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ሳያውቅ «ፈንጂ ረገጠ» ይባላል።

ቁጣ ላይ ትልቁ ልዩነት ውስጥና ውጭ ነው። አረረ፣ በገነ፣ ተንጨረጨረ፣ እርር ድብን አለ፤ እነዚህ ሁሉ ሰውየው ምንም ማድረግ ሳይችል ውስጡ ሲቃጠል ነው። «ቆሽቱ አረረ» የሚባለው ገጸ ባሕርይ ጠረጴዛ አይገለብጥም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጦፈ፣ ቁጣው ገነፈለ፣ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ፤ እነዚህ ደግሞ በር ያንኳኳሉ። ልቦለድ ውስጥ «ቆሽቱ አሮ በጥፊ አጮላት» የሚል ካገኙ ጸሐፊው ቸኩሏል፤ በመሃል አንድ ዐረፍተ ነገር ቀርቶበታል። «አንጀቱ አረረ» ደግሞ ለሐዘንም ይሆናል፤ ልጇ የሞተባት እናት አንጀቷ ያርራል፣ አትናደድም።

ገበያ ላይ «እሳት ሆነ» የገዢ እሮሮ ነው፣ ዋጋው አይነካም ማለት ነው። «ጦፈ» ወይም «ደራ» የነጋዴ ደስታ ነው። «የቅቤ ገበያ ጦፏል» ብለው ዋጋ መወደዱን ሊነግሩ ከሆነ አንባቢ የገባው ሌላ ነው። «ትኩሳት» ለምርጫና ለኳስ ይሆናል፤ የሚያልፍ ነገር ስለሆነ ለዓመታት ለቆየ ጉዳይ አይስማማም።

ሰው ለማድነቅ «ትንታግ»፣ «ነበልባል»፣ «እሳት የላሰ» አሉ። የመጨረሻው ብልጠት አለበት፤ ለንግግር አዋቂ ወይም ለቀልጣፋ ነጋዴ እንጂ ለመምህረ ሃይማኖት የሕይወት ታሪክ አይሆንም። አመድ ግን ሁልጊዜ ኪሳራ ነው፦ «የእሳት ልጅ አመድ» ለማይረባ ወራሽ፣ «እጄ አመድ አፋሽ ሆነ» ውለታው ለተረሳ፣ «ፊቱ አመድ መሰለ» ለደነገጠ። «እሳትና ጭድ» አብረው መኖር ለማይችሉ ነው፤ ለጊዜው ለተኳረፉ ባልና ሚስት አያውጡት።

6. የተዋስነውን ይመርምሩ

ከውጭ የመጣው ሁሉ አይጣልም። «በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ» ገብቶ ተዋሕዷል። «ከመጥበሻው ወደ እሳቱ» ግን የሰው አማርኛ አይደለም፤ «ከድጡ ወደ ማጡ» ቁጭ ብሎልናል። ሚኒስትሩ «በእሳት ሥር ናቸው» ከመባል «ወቀሳ ወርዶባቸዋል» ይባሉ። የተጠቃሚ ቁጥር አይፈነዳም፣ ያሻቅባል። ምሥጢርም «ቦምብ አፈነዳ» ከሚባል «አፍረጥርጦ ተናገረ» ይሻላል፤ የዩቲዩብ ርእስ ጸሐፊዎች አይስማሙም ይሆናል። «በሳቅ ፈነዳ» እየተለመደ ነው፤ «በሳቅ ፍርስ አለ» ግን አሁንም ይበልጣል።

7. በመጨረሻ ፊደል ይልቀሙ

አንድ ፊደል ትርጉሙን የሚገለብጥባቸውን ቃላት ከማተምዎ በፊት በፍለጋ ያውጡና አንድ በአንድ ይዩ። ዋናው «አራገበ» እና «አረገበ» ነው። ውጥረት ያራገበ አባብሷል፤ ያረገበ አብርዷል። ሽማግሌዎች «ውጥረቱን አራገቡ» ተብሎ የታተመ እንደሆነ እርማት ማውጣት የግድ ነው። «አነደደ» እሳት ነው፣ «አናደደ» ሰው ነው። «ተናደ» ግንብ ነው፣ «ተናደደ» ጌታው። «ይነዳል» መኪናውን ወይም ከብቱን ነው፤ ለእሳት ጥብቀቱ እንዳይጠፋ «ይነድዳል» ብለው ሁለት «ድ» ያስገቡ። «ፈነጠቀ» ብርሃን፣ «ፈነደቀ» ደስታ፣ «ፈነዳ» ፍንዳታ ነው፤ የስልክ ፊደል አራሚ ሦስቱን ያለ ይሉኝታ ይለዋውጣቸዋልና በእርሱ አይተማመኑ።